የተጠባባቂው ጥርስ

የሰው አፍ አስጸይፎኝ አያውቅም። የጥርስ ሐኪም ነኝ፤ የበሰበሰ ድድ፣ መግል የቋጠረ ሥር፣ በሲጋራ የጠቆረ ምላስ ለእኔ የዕለት ሥራ ነው። ጓንቴን አጠልቄ፣ መብራቱን ዝቅ አድርጌ እገባበታለሁ፤ ከዚያ ወጥቼ ደግሞ ምሳዬን እበላለሁ። ሰው ምን ያህል ሊያስጸይፍ እንደሚችል ያየሁት ተጠባባቂዎቹ የተጠሩ ሰሞን ነው፤ ያውም በገዛ ወንድሜ።

ነገሩ የጀመረው በሬዲዮ ነው። ጦሩ ሊሰፋ ስለሆነ ከዚህ ቀደም አገልግሎ የተሰናበተ፣ ገና ጉልበት ያለው ወንድ ሁሉ ለምርመራ ይቅረብ ተባለ። በማግስቱ ከታች ካለው የቀለም መሸጫ ደጃፍ ጀምሮ እስከ ክሊኒኬ በር ድረስ ደረጃው ወንድ በወንድ ሆነ። አንዱም ጥርሱን የታመመ የለም። «ዶክተር፣ እነዚህን ንቀይልኝ» ይሉኛል፣ አጥንት የሚቆረጥም ጥርስ እያሳዩኝ። ለካ የጦሩን ደረቅ ብስኩት በፊት ጥርሱ መስበር ያልቻለ ሰው አይወሰድም የሚል ደንብ አለ። ብስኩቱ ጡብ ነው ይላሉ፤ ያለፈውን ጦርነት አይቶ የተረፈ እሱ ብቻ ነው እያሉም ይቀልዳሉ። መርማሪዎቹ እያንዳንዱን ሰው ብስኩት እያስነከሱ ይፈትናሉ።

እኔ ጤነኛ ጥርስ አልነቅልም። የአገር ፍቅር አንገብግቦኝ አይደለም፤ ለዚያ ጦርነት ጥርስ ቀርቶ ጥፍር የማዋጣ ሰው አይደለሁም። ግን ደህና ጥርስ መንቀል ደህና ዓይን እንደ ማውጣት ነው፤ እጄ እሺ አይለኝም። ሁሉንም መለስኳቸው። ማዶ ያለው ባልደረባዬ ግን አንዱንም አልመለሰም። እጁ እስኪዝል ነቀለ። በመስኮቴ አየው ነበር፤ ቀጥ ብሎ የገባው ሁሉ አፉን በመሀረብ ይዞ፣ ትከሻው ወርዶ ይወጣል። መንገዱ ዳር ደም ይተፋሉ። የዳቦ ቤቱ ሴትዮ ጠዋት ጠዋት እየተራገመች በውሃ ታጥበዋለች።

ሁለት ወንድሞች አሉኝ፤ ሁለቱም ተጠባባቂ ናቸው። ታላቄን ሰፈሩ ሻለቃ ይለዋል። ከአስር አለቃ በላይ ወጥቶ አያውቅም፤ የውትድርና ዘመኑንም የጨረሰው ብርድ ልብስ በሚታደልበት መጋዘን ውስጥ ነው። ሻለቃ ሲሉት ግን አላረማቸውም፤ ሹመት እንደሆነ ማንም ይስጠው ማን አይመልስም። አሁን የመታጠቢያ ቤት ዕቃ ይሸጣል። በነጫጭ የሽንት ቤት መቀመጫዎች መካከል ቆሞ ስለ አገር ሲናገር ደንበኛው ሊገዛ የመጣውን ረስቶ ያዳምጠዋል። ድምፅ አለው፤ ያ አይካድም። ለቅሶም ይሁን ሠርግ እሱ ሳይናገር አይበተንም። ጥርሱ ደግሞ ወተት ነው። የማጸዳለት እኔ ነበርኩ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ጥርስ ያየሁት ጥቂት ሰው አፍ ውስጥ ነው።

ታናሼ ማሙሽ ነው። የራሱ ጠጉር ሸበት ጀማምሮታል፤ ግን የመጨረሻ ልጅ ሆኖ መወለድ የዕድሜ ልክ ፍርድ ነው፤ ማሙሽ እንደተባለ አለ። ማቀዝቀዣ ይጠግናል። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ልጁን ሚጣን ብቻውን ያሳድጋል። ሚጣ አራት ዓመቷ ነው፤ ጠጉሯን ከእሱ በቀር ለማንም አታስነካም። ሽቦ በለመደ ጣቱ ነው የሚጎነጉንላት፤ ጉንጉኑ እንደ ማቀዝቀዣው ቱቦ ጠንካራ ነው፤ ሳምንት አይፈታም።

ከአንድ እናት ቤት ሁለት ተጠባባቂ ካለ አንዱ ይቀራል ተባለ። ማን እንደሚሄድ ቤተሰቡ ይመርጣል፤ የሚቀረው ተተኪ ይባላል። ሂያጁ በምርመራ ቢወድቅ ተተኪው ይሄዳል። ይህን ለመምረጥ እማዬ ሳሎን ተሰበሰብን። አጎታችን ነበር፣ ጎረቤቶች ነበሩ፣ ሻለቃ ካለበት መቼም ሰው አይጠፋም። ማሙሽ በሩ አጠገብ ሚጣን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ገና ማንም ሳይናገር ሻለቃ ተነሳ።

«ማሙሽ ይቅር» አለ። «ልጅ አለችው፤ እናት የላትም። እኔ የኖርኩትን ኖሬያለሁ። አገር ስትጠራ ታላቅ እያለ ታናሽ አይነሳም።»

አጎታችን ተነስቶ ግንባሩን ሳመው። ሴቶቹ አለቀሱ። ማሙሽ ሚጣን እማዬ እቅፍ አስቀምጦ ወደ ኋላ ክፍል ገባ፤ ማልቀስ የሚያፍር ሰው ነው፤ የቧንቧውን ውሃ ሲከፍት ሰማሁት። እኔም አለቀስኩ። እስከዚያ ቀን ወንድሜ አፉ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ስበድለው ኖሬያለሁ ብዬ አዘንኩ። የሻለቃ ሚስት ብቻ ዓይኗን ከወለሉ አላነሳችም። ባሏ ሊዘምት ስለሆነ ነው ብዬ ተውኳት።

በሚቀጥለው እሑድ ክሊኒኩ ዝግ ነበር። እኔ መሣሪያ ልቀቅል ገብቻለሁ። ሻለቃ በኋላ በር መጣ፤ ሰላም ሳይለኝ ቀጥ ብሎ ሄዶ ወንበሩ ላይ ጋደም አለ።

«ምን ሆንክ ጋሼ? አመመህ?»

«አላመመኝም። በሩን ቆልፊው።» ጣቱን ወደ አፉ ወሰደ። «ከላይ አራቱን፣ ከታች ደግሞ ትይዩዎቻቸውን። እንዳያመኝ አድርገሽ።»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።

«እሄዳለሁ አልክ እኮ» አልኩት።

«አልኩ። አልዋሸሁም፤ ፈቃደኛ ነኝ። ሐኪም አትሆንም ካለኝ ግን ምን ላድርግ? ሐኪም ያለውን ማን ይሽራል?»

«ማሙሽስ?»

ጣሪያውን ማየት ጀመረ። ጣሪያዬ ላይ ምንም የለም፤ በሽተኛ ሁሉ ግን ሲፈራ እሱን ያያል።

«ተተኪ ነው። ሕጉ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።»

ሊቀቀል የነበረውን ጉጠት ሳህኑ ላይ አስቀመጥኩት።

«ያኔውኑ 'ማሙሽ ይሂድ' ብትል አይሻልም ነበር? ቢያንስ ሚጣን የሚያስቀምጥበት ይፈልግ ነበር። ለምን አላልክም?»

«እንዴት እላለሁ?» አለኝ፤ ከልቡ ገርሞት ነው። «ሰው ምን ይለኛል?»

እዚህ ላይ ነው ያንገሸገሸኝ። ፍርሃቱ አይደለም። ደረጃዬን የሞሉት ወንዶች ሁሉ ፈርተው ነው የመጡት፤ ፍርሃት ያለበት ሰው አያስጸይፍም። ይኼኛው ግን የመዝመትንም ክብር፣ የመቅረትንም ምቾት፣ ሁለቱንም በአንድ ጉርሻ ሊውጥ ነው የመጣው፤ ሒሳቡን ለማሙሽ ትቶ። አፉ ቅቤ ልቡ ጩቤ ሲባል እሰማ ነበር፤ ጩቤውን ግን በእኔ እጅ ሊያስይዝ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም።

«ከወንበሬ ተነሳ» አልኩት።

ኮቱን እያራገፈ ተነሳ። በሩ ጋ ሲደርስ ዞረ። «እማዬ ታውቃለች» አለኝ።

አላመንኩትም፤ ቀጥታ እሷ ዘንድ ሄድኩ። እማዬ መስኮቱ ስር ተቀምጣ አተር ትፈለፍላለች። ነገርኳት። እጇን አላቆመችም።

«አድርጊለት ልጄ» አለች።

«እማዬ፣ ማሙሽ እኮ ነው የሚሄደው።»

«እሱ የቤቱ ምሰሶ ነው። ጣሪያዬን ማን አሠራልኝ? መድኃኒቴን ማን ያመጣልኛል? የሱ ቤት ከፈረሰ የኔም ይፈርሳል።» አንድ የተበላሸ አተር መርጣ ጣለች። «ማሙሽ ይችላል። ከሕፃንነቱም አያለቅስም ነበር። እንዳንቺና እንደ ወንድምሽ አላስቸገረኝም።»

እንግዲህ ያለማስቸገር ቅጣቱ ይህ ኖሯል። እናቴን እወዳታለሁ፤ ያን ቀን ግን እጇን ሳልስም ወጣሁ። ከዚያ ወደ ማሙሽ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። አንድ የሥጋ ቤት ማቀዝቀዣ ሆዱን ከፍቶ ክንዱን እስከ ብብቱ አስገብቶ ብልሽቱን ይፈልጋል። ሁሉንም ነገርኩት። ሳይወጣ አዳመጠኝ።

«ጋሼ አያደርገውም፣ እትዬ» አለ። «ያን ሁሉ ሰው ፊት ተናግሮ?»

«ወንበሬ ላይ ተኝቶ ጠየቀኝ እኮ ነው የምልህ። ሄጄ ለመርማሪዎቹ እነግራለሁ።»

ክንዱን አወጣ፤ በጨርቅ ጠረገው። «ብትነግሪያቸው ያስሩታል። እሱ ከታሰረ ሂያጅ የለም። ሂያጅ ከሌለ ተተኪው ማነው?»

መልሴን ሳይጠብቅ ወደ ማቀዝቀዣው ተመለሰ፤ ሥጋው ሊበላሽ ነውና።

ሳምንቱ ሳያልቅ ሻለቃ አንገቱን በሻርፕ ጠቅልሎ ማዶ ካለው ክሊኒክ ሲወጣ አየሁት። ቀና ብሎ መስኮቴን አላየም። በምርመራው ዕለት አብሬ ሄድኩ፤ ዓይኔ ካላየ አላምንም ብዬ ነው። ብስኩቱን ሰጡት። በባዶ ድዱ ሲያላምጠው፣ ምራቁ በአገጩ ሲወርድ፣ ዋናው ሐኪም ኮሎኔሉ ፊቱን አዞረ። «ለጊዜው ቀርተሃል» አለው። «ጥርስ ስታስገባ ተመልሰህ ቅረብ።» ሻለቃ ዓይኑን በጨው አጥቦ «እባክዎ ጌታዬ፣ ቦይም ቢሆን ልቆፍር» ብሎ ለመነ። ልመናው በድዱ መካከል እየሾለከ ቃሉ ሁሉ ይተፋል፤ ያም ሆኖ ኮሎኔሉን አሳዘነው። ውጭ ሲወጣ ግቢው መሃል ተንበርክኮ አለቀሰ። ሰው ከብቦ አጽናናው። አንዲት የማላውቃት ሴት «እንዲህ ያለውን ወንድ አገር አጣችው» ስትል ሰማሁ።

ማሙሽ ወዲያው ተጠራ። ሁለት ወር ከከተማው ዳር ሊያሠለጥኗቸው፣ ከዚያ ወደ ግንባር ሊወስዷቸው ነው። ሚጣን በጠዋት አመጣልኝ። አንድ ሻንጣ ልብስና ማበጠሪያ አስረከበኝ፤ አጎነጓጎኑን እያሳየኝ አንዱን ጎን ጎነጎነላት፣ ሌላውን እኔ ስጎነጉን ቆሞ አየ። አልቻልኩበትም። «ይለመዳል» አለኝ። ስለ ጋሼ አንድ ቃል አልተናገረም። ሚጣ የመጀመሪያውን ሳምንት ሙሉ ጠጉሯን አላስነካ ብላ፣ ያ የእሱ ጎን ጉንጉን እስኪቆሽሽ ይዛው ሰነበተች።

ሻለቃ ደግሞ ቅጣቱን ካልጠበቀው በኩል አገኘው። ጥርስ የሌለው ተናጋሪ ሆነ። አገር ሲል ደህና ነው፤ መሥዋዕትነት ሲል ግን የፊት ለፊቱ ሰው መነጽሩን ይጠርጋል። መጀመሪያ አዘኑለት፣ ቀጥሎ ፈገግ አሉ፣ በመጨረሻ የአንድ ጎረቤት ለቅሶ ላይ ሊናገር ሲነሳ «ሻለቃ፣ አንተ አትድከም» ብለው አስቀመጡት። ከዚያ ወዲህ ሱቁ ውስጥ ከመቀመጫዎቹ ጋር እኩል ዝም ብሎ ይውላል አሉ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ ብል እዋሻለሁ፤ ልጅቷ አባቷን እየጠበቀች በር ላይ ስትቆም እያየሁ ምን ያስደስተኛል?

ድዱ በደንብ የዳነ ሰሞን በኋላ በር መጣ።

«ጥርስ ሥሪልኝ» አለኝ፤ አጠገቡ ሆኜ ነው የገባኝ። «ቤት ውስጥ ብቻ ነው የማደርገው። ውጭ የማደርገው አንድ ቀን ብቻ፣ ማሙሽ ሲሸኝ። ንግግር አድርግ ብለውኛል። የዘማች ወንድም ነህ ብለው።»

የዘማች ወንድም። ላባርረው እጄን አንስቼ ነበር፤ የኮሎኔሉ ቃል ግን ትዝ አለኝ። ጥርስ ስታስገባ ተመልሰህ ቅረብ ነው ያለው። ይህ ሰው ጥርስ ካለው ይሄዳል፤ እሱ ከሄደ ማሙሽ ይወርዳል። ሻለቃ ቃሉን ረስቶታል፣ ወይም አንድ ቀን ማን ያየኛል ብሏል። የሚወደው ነገር አፉ ነው፤ በአፉ መያዝ አለበት።

«ተቀመጥ» አልኩት። ይቅር ያልኩት መሰለው፤ እጄን ሊስም ፈለገ፤ ጓንት አጠለቅኩ።

እንዲህ ያለ ሥራ ብዙ ጊዜ ለሌላ ሠሪ ነው የምልከው። የእሱን ግን በገዛ እጄ ሠራሁት። ልኩን ወሰድኩ፣ አፉን በጄሶ ቀረጽኩ፣ ጥርሶቹን አንድ በአንድ በሰም ላይ ተከልኩ። የቀድሞ ጥርሱን ቀለም አውቀዋለሁና የሚመስለውን እስካገኝ አማረጥኩ። ከቀሩት ጥርሶቹ ጋር በብረት ቆልፌ አያያዝኩት፤ አጥንት ቢቆረጥምበት ንቅንቅ አይልም። ገና በሰም ላይ እያለ አፉ ውስጥ አስገብቼ «ሰፈር» በል፣ «ፈሰሰ» በል፣ «መሥዋዕት» በል አልኩት። ፉጨቱ እስኪጠፋ እየፋቅኩ መለስኩት። የመጨረሻው ቀን መስታወቱ ፊት ቆሞ «ወገኖቼ» አለ፤ ድምፁ ክፍሉን ሞላው። ዓይኑ እንባ አቀረረ። የሰው ልጅ በራሱ ድምፅ እንዲህ ሲፈወስ አይቼ አላውቅም፤ ሳየው አቅለሸለሸኝ፤ ሥራዬን ግን ወደድኩት። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ያለ ጥርስ አልሠራሁም።

የሽኝቱ ቀን አውቶቡሶቹ በትልቁ መናኸሪያ ግቢ ተደርድረው ሞተራቸው ይንኳኳል። ማሙሽ ሁለተኛው አውቶቡስ ላይ፣ በመስኮቱ በኩል ተቀምጧል። ሚጣን ሽቅብ አነሳሁለት፤ እጁን አውጥቶ ጉንጉኗን ነካ፣ የሠራሁትን መረመረ። «ተለምዷል» አለኝ። የቀጠነው ፊቱ ላይ አንድም ምሬት አልነበረም፤ ያ ይበልጥ አናደደኝ።

ሻለቃ ማይኩን ያዘ። ጥሩ ተናገረ፤ መቼም እውነት እውነት ነው። ታላቅ እያለ ታናሽ ሲሄድ ማየት ምን ያህል እንደሚያቃጥል፣ በሽታ ወንድነቱን እንደቀማው፣ ቢችል ኖሮ ጥርሱን ነክሶ ከፊት እንደሚሰለፍ ተናገረ። ጥርሱን ነክሶ ሲል ጥርሱ በፀሐይ አብረቀረቀ። ሰው አጨበጨበ። እኔ ሚጣን እንዳቀፍኩ በሰው መካከል እየተጋፋሁ ኮሎኔሉ ከቆመበት ደረስኩ።

«ጌታዬ፣ ያንን ሰው ያስታውሱታል?» አልኩት። «ጥርስ ሲያስገባ ይቅረብ ብለው ነበር። አስገብቷል።»

ኮሎኔሉ አየው። አንዱን ወታደር ጠርቶ ብስኩት አስመጣ። ሻለቃ ከመድረኩ ሲወርድ፣ ገና ሰው እጁን እየጨበጠው፣ ብስኩቱን አፉ ፊት ያዙለት። እንቢ እንዳይል ሰው ያያል። ነከሰው። ቀሽ ብሎ ለሁለት ተሰበረ። ጭብጨባው እንደገና ቀለጠ፤ ትዕይንት መሰላቸው።

ኮሎኔሉ ሳቀ። ክንዱን ይዞ ማሙሽ ወዳለበት አውቶቡስ ጥግ ወሰደው፤ እኔም ተከተልኩ።

«ሙሉ ሰው ሆነሃል» አለው። «በደንቡ ወንድምህ ይወርዳል፣ አንተ ትሳፈራለህ።»

ሚጣን ወደ ደረቴ ጠበቅ አደረግኳት።

«ግን» አለ ኮሎኔሉ፣ «እንዲህ ያለ አንደበት ቦይ ውስጥ መቀበሩ ያሳዝናል። ለቅስቀሳ ሰው አጥተናል። ድምፅ ማጉያ ያለው መኪና እሰጥሃለሁ፤ እዚሁ ከተማ ነው። ያንን ከመረጥክ ግን ወንድምህ አይወርድም። እንግዲህ ምርጫው ያንተ ነው።»

ማሙሽ ጭንቅላቱን በመስኮቱ አውጥቶ ያዳምጣል። ከእሱ እስከ ሻለቃ አንድ ክንድ አይሞላም። ሻለቃ ቀና ብሎ አላየውም። ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኔ ራሴን አልመርጥም፣ ጌታዬ» አለ በዚያ በሠራሁለት ጥርስ፣ አንዲት ፊደል ሳትሾልክበት። «አገሬ በምትፈልገኝ ቦታ ነኝ። አንደበቴን ከፈለገች አንደበቴን።»

ማሙሽ ጭንቅላቱን ወደ ውስጥ መለሰ። የመስኮቱን መስታወት በቀስታ ገፍቶ ዘጋው። አውቶቡሱ እስኪወጣ ድረስ ፊቱን ወደ እኛ አላዞረም፤ ሚጣ ግን እጇን እያውለበለበች ነበር።

ወጥመዱን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ በጣም አሳምሬ ስለሠራሁት አውሬው ለብሶት ሄደ። ከዚያ ወዲህ በቀን ሁለት ጊዜ በመስኮቴ ሥር ያልፋል። መኪናው ላይ አራት ድምፅ ማጉያ ተሰክቷል። ሁለተኛው ዙር ጥሪ ታውጇል፤ አሁን ያላገለገለም ይጠራል። «እኔ የገዛ ወንድሜን ሰጥቻለሁ» ይላል ድምፁ፣ ንጹሕ፣ ጥርት ያለ፤ «እናንተስ ምን ሰጣችሁ?» በሽተኛ አፍ ውስጥ መሣሪያ ይዤ እጄ ቆሞ ይቀራል። ሚጣ መጠበቂያው ክፍል ሆና «አጎቴ መጣ» ትላለች። ሰጥቻለሁ የሚለው እሷ ያላትን እንደሆነ ገና አታውቅም።

ትናንት ረፋዱ ላይ መኪናው ከታች ቆመ። ሻለቃ ደረጃውን ወጣ። የተተኮሰ የወታደር ልብስ ለብሷል፤ ትከሻው ላይ ደግሞ በመጨረሻ እውነተኛ ሹመት ጣል ተደርጎለታል። ለሚጣ ከረሜላ ሰጥቶ ጉንጯን ቆንጠጥ አደረጋት፤ ገባ፤ ወንበሩ ላይ ተኛ።

«በስተግራ ትንሽ ይቆረቁረኛል» አለ። «ብዙ እየተናገርኩ ነው መሰለኝ። ቶሎ በይልኝ፣ እኩለ ቀን ላይ ትምህርት ቤት እንጠበቃለን።»

«ከማሙሽ ወሬ አለ?» አልኩት።

«ግንባር ነው እንግዲህ። አፌን ልክፈት?»

ከፈተ። ብረቱን ፈትቼ ጥርሶቹን ከላይም ከታችም አወጣሁ። ድዱ ላይ ትንሽ ቀይ ቁስል አለ፤ የሚያቆስለውን ጠርዝ ለመፋቅ የሻይ መጠጫ ያህል ጊዜ አይፈጅም። ጥርሶቹ መዳፌ ላይ ናቸው፤ እርጥብ ናቸው፣ ይሞቃሉ፣ የጠዋቱ ቅስቀሳ ትንፋሽ አላቸው። በጨርቅ ጠቀለልኳቸው። የመድኃኒት ቁም ሣጥኑን ከፍቼ አስገባኋቸው፣ ቆለፍኩ፣ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ።

ከወንበሩ ቀና አለ። «ምን እያደረግሽ ነው?» ለማለት የሞከረ ይመስለኛል።

«ማሙሽ ሲመጣ ትወስዳለህ» አልኩት።

ፊቱ ቀላ። ብዙ ተናገረ። ከመሃሉ «መንግሥት» የሚለውንና «አሳስርሻለሁ» የሚለውን ለየሁ፤ የቀረው ምራቅ ነው። ጠብቄ አስጨረስኩት።

«አሳስረኝ» አልኩት። «ሲጠይቁኝ ደግሞ ፊተኞቹን ጥርሶችህን ማን እንደነቀላቸውና ለምን እንደነቀላቸው እነግራቸዋለሁ። አሁን ወታደር ነህ፤ ራሱን ያጎደለ ወታደር ምን እንደሚጠብቀው መጋዘን ውስጥም ቢሆን ሳይነግሩህ አይቀሩም። ሌላ መንገድም አለህ። ኮሎኔሉ ዘንድ ሂድ፤ ልናገር አልቻልኩም፣ ወንድሜን መልሱትና በእሱ ቦታ ላኩኝ በለው። ማሙሽ ይቺን ደረጃ ሲወጣ ባየሁ ሰዓት ጥርስህን ይዤ እመጣለሁ፤ አውቶቡሱ ላይ ራሴ እገጥምልሃለሁ።»

ከታች መኪናው ጥሩምባውን ነፋ። እኩለ ቀን ደርሷል፤ ትምህርት ቤቱ ይጠብቃል። ሻለቃ ቁም ሣጥኑን አየ፣ ኪሴን አየ፣ በሩን አየ። መጠበቂያው ክፍል ውስጥ በሽተኞች አሉ፣ ሚጣ አለች፤ ለጉልበት አይመችም። በሕይወቱ ሙሉ ሰው ምን ይለኛል ሲል የኖረ ሰው ነው፤ በባዶ አፉ ወደ ሰው መውጣት ነበረበት። መዳፉን አፉ ላይ ጭኖ ወጣ።

መስኮቱ ጋ ሄጄ አየሁት። ሹፌሩ በሩን ከፈተለት፤ ማይኩን አቀበለው። አስቀድሞ ተከፍቶ ኖሮ ትንፋሹ በአራቱም ድምፅ ማጉያ መንገዱን ሞላው። የዳቦ ቤቱ ሴትዮ ወጥታ አየች፣ ሌሎችም ቆሙ። አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው። የሚሰማው መተንፈሱ ብቻ ነበር።